ስኳር የሌለበት ሰውም እግሩ ይነድዳል

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የእግር ማቃጠልና መደንዘዝን ከስኳር በሽታ ጋር ብቻ ማያያዙ አሳሰበኝ። እኔ 3 ጊዜ ተመርምሬ ስኳር የለብህም ተብያለሁ። ግን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ እግሬን ከብርድ ልብስ አውጥቼ ነው የማድረው። አንሶላ ሲነካኝ እንኳ እሳት ነው። ቀን ደግሞ ይደነዝዛል። ደረጃ ስወርድ መርገጤን የማረጋግጠው በዓይኔ ነው። አንድ ጠዋት ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ መውለቁን ያወቅኩት ግቢው ጋ ስደርስ ነው።

ነገሩ የተገለጠው አንዲት ሐኪም «ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት ወስደሃል?» ስትለኝ ነው። ለቲቢ አይሶናያዚድ ወስጄ ነበር። መድኃኒቱ ሰውነትን ቫይታሚን ቢ6 ያሳጣል፤ ነርቭ የሚጎዳውም በዚህ ነው። ቢ6 አብሮ የሚሰጠው ለዚሁ ነበር። እኔ ግን ተራ ቫይታሚን መስሎኝ ተውኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የቢ12 እጥረት፣ መጠጥ ማብዛት፣ ኤችአይቪ፣ የሥጋ ደዌም ነርቭ ይጎዳሉ። ስኳር የለም ሲባል ምርመራው አለቀ ማለት አይደለም።

የቲቢ መድኃኒት ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ ቢ6ን አትናቁ። እግራችሁ መንደድ ከጀመረ ቶሎ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ በራሳችሁ ግን የቲቢውን መድኃኒት እንዳታቋርጡ። የኔ ማቃጠል አሁን ቀንሷል። የጣቶቼ ጫፍ ግን ገና ነው።