ባራቲየሪ የሚሆነው ማነው?

የካቲት 23 በመጣ ቁጥር አድዋን በንግግር፣ በሽለላና በፈረስ ጉግስ እናከብራለን። ባሕር ዳር ላይ ቼስ፣ ዳማና ገበጣ ይዞ የሚሰባሰብ ወጣት አንድ ጠረጴዛ ለአድዋ ቢሰጥ ደግሞ ከብዙ ንግግር የበለጠ ያስረዳል። የሚያስፈልገው እንደ ማር እንጀራ በባለ ስድስት ጎን ቤቶች የተከፋፈለ ካርታ፣ የካርቶን ጠጠርና ዳይስ ነው። በውጭው ዓለም ዋርጌም የሚሉት ይሄው ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፦ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ጣሊያን ማሸነፍ መቻል አለበት።

የሚቆጣ አይጠፋም። ግን ምኒልክን የያዘው ተጫዋች ምንም ቢያጠፋ የሚያሸንፍ ከሆነ ድሉ የዳይሱ እንጂ የማንም ጀግንነት አይሆንም። ታሪኩም እንደዚያ አልነበረም። የጣሊያን ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ባራቲየሪ ሳውሪያ በሚባለው ቦታ ተመሽጎ ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ የሚበላው እያለቀ የነበረው የምኒልክ ሠራዊት ሳይዋጋ ሊመለስ ይችል ነበር። ባራቲየሪን ከምሽጉ ያወጣው የራሱም ስንቅ መመናመኑና ከሮም የጠቅላይ ሚኒስትሩ የክሪስፒ ግፊት ነው። ስለዚህ ጨዋታው ንጋት ላይ ከተኩሱ ቢጀምር ዋናው ጥያቄ ተዘለለ ማለት ነው። ሦስት አራት ቀን ቀድሞ ይጀምር፤ ለየወገኑ 5 የስንቅ ጠጠር ይሰጥና በየቀኑ አንድ አንድ ይነሳ። ጣሊያን ሳይዋጋ ላሳለፈው ለእያንዳንዱ ቀን 2 ነጥብ ይቀነስበት፤ ክሪስፒ ጠረጴዛው ላይ የሚገባው በዚህ መንገድ ነው። ውጊያው ሲከፈት ዙሩ ወደ ሰዓት ይለወጣል፤ ከንጋቱ 12 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት፣ 10 ዙር።

የሌሊቱ ጉዞ ለብቻው መታሰብ አለበት። የጣሊያኑ ጄኔራል የአልቤርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደፊት የሄደው የባራቲየሪ ንድፍ ካርታ እንዳ ኪዳነ ምሕረት የሚለውን ስም በሌላ ኮረብታ ላይ ስለጻፈ ነው። እውነተኛው ቦታ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደፊት ነበር። አንዳንዱ አዘጋጅ ለአልቤርቶኔ ተጫዋች ሆን ብሎ የተሳሳተ ካርታ ይሰጣል። ብልሃቱ ያስቃል፣ ግን የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው፤ ታሪኩን ያነበበ ሰው ገና ሲቀመጥ «እኔ ከዚህ አልፍም» ይላል። የሚሻለው ለእያንዳንዱ የጣሊያን ብርጌድ ሌሊት ላይ ዳይስ መጣል ነው። 1 ወይም 2 ከወጣ ያ ብርጌድ መንገድ ይስታል፤ ማን እንደሚስት ማንም አያውቅም።

«ጦርነት ስንት ነገር ባደረሰብን አገር ጦርነት መጫወት ምን የሚሉት ነው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ የዘመን ምርጫ ላይ ነው። ቤተሰቡ የሞተበትን ሜዳ ማንም በዳይስ አይጫወትም፤ የቅርብ ዘመን ውጊያ ከሳጥኑ አይውጣ። 1888 ዓ.ም. ግን ርቆናል።

አሁን ወደ ዕቃው። የጣሊያን ጦር ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ነበር። አንድ ጠጠር 500 ሰው ቢይዝ 35 ገደማ ጠጠር ይሆናል። የኢትዮጵያው ቁጥር እንደ ጸሐፊው ይለያያል፤ ለሒሳብ 100,000 ቢያዝና ጠጠሩ 2,000 ሰው ቢሆን 50 ይበቃል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር የራሱ ቀለም ይኑረው፤ እዚህ ከተማ ያንን ቀለም ሳይሻማ የሚቀር ተጫዋች አይኖርም።

ጠጠሩን በቆርኪ ልሥራ የሚል ብዙ ነው፤ ከዳማ የወጣ ልማድ ነው። ሒሳቡ ግን አይመችም። ቆርኪ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ስለሚሰፋ ቤቱ 3.5 መሆን አለበት። 40 በ26 ቤት ያለው ካርታ ያኔ 1 ሜትር ከ20 በ90 ይደርስና ከካፌ ጠረጴዛ ያልፋል። ሲደራረብም ይንሸራተታል። 15 ሚሊ ሜትር ካሬ ሆኖ የተቆረጠ ወፍራም ካርቶን በ2 ሴንቲ ቤት ላይ ቢቀመጥ ያው ካርታ 70 በ52 ይሆናል፤ ኤ1 ወረቀት ይበቃዋል። ባነር ላይ ማሳተም ቢረክስም ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ገጹም ብርሃን ይመልሳል። ወረቀት አሳትሞ የካፌ ጠረጴዛ የሚለብሰውን ወፍራም ግልጽ ላስቲክ ማልበስ ይሻላል፤ ማኪያቶ ሲደፋበት ይጠረጋል። ሲኒ ደግሞ መጀመሪያውኑ የጎን ጠረጴዛ ላይ ነው መቀመጥ ያለበት።

ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው የአጥቂው ጠጠሮች ጉልበት ለተከላካዩ ጉልበት በሚካፈልበት ጥምርታ ላይ ነው። 11 ጉልበት 4ን ቢያጠቃ 2.75 ነው፤ ተጫዋቹ ወደ 3 ለ 1 ያስጠጋዋል። ሕጉ ግን ሁልጊዜ ለተከላካይ ወደታች ይቆርጣል፣ ስለዚህ 2 ለ 1 ነው። ጥምርታውና ዳይሱ የውጊያውን ውጤት በሚሰጡበት ሰንጠረዥ ላይ በሁለቱ ዓምዶች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ በመግፋትና በመገፋት መካከል ያለው ልዩነት ነው። 1 ጉልበት ብቻ የጎደለው መሆኑን ያየ ተጫዋች በሚቀጥለው ዙር ከማጥቃቱ በፊት ጠጠር መቁጠር ይጀምራል። ይህን በቃል ከማስረዳት አንዴ ጠረጴዛው ላይ ማሳየት ይበልጣል። ሕጉን 40 ደቂቃ የሚያነብ አስጫዋች ግማሹ ሰው ወደ ከረንቡላው ሲሄድበት አይደነቅ። ጠጠሩን ቀድሞ በየቦታው ደርድሮ 10 ደቂቃ ተናግሮ የመጀመሪያውን ዙር አብሮ መጫወት ነው።

ዳማ የሚያይ ሰው ዝም እንደማይል የታወቀ ነው፤ እዚህም ዳር ቆሞ የሚያጫውተው ይበዛል። ከማባረር ሥራ መስጠት ይሻላል። አንዱ ራስ መኮንን፣ አንዱ ራስ መንገሻ፣ አንዱ የጣሊያኑ ጄኔራል ዳቦርሚዳ ይሁን፤ ከአዛዡ ጋር በቁራጭ ወረቀት ብቻ ይጻጻፍ፣ ወረቀቱም አንድ ዙር ዘግይቶ ይድረስ። 8 ሰው በአንድ ጠረጴዛ ይያዛል።

ጣሊያንን ማን ይያዝ የሚለው ደግሞ በጨረታ ይፈታል። ሁለቱ አዛዦች ምኒልክን ለመሆን ለተቃራኒው ስንት ነጥብ እንደሚሰጡ በድብቅ ይጻፉ። አንዱ 3፣ ሌላው 5 ከጻፈ ባለ 5ቱ ምኒልክን ይወስዳል፤ ባራቲየሪ 5 ነጥብ ይዞ ይጀምራል። ማንም ተገዶ አልተቀመጠም፣ የሚያኮርፍም አይኖርም።

ጄን ኮን የሚባለው ትልቁ የጨዋታ ጉባኤም በፈረንጆቹ 1968 የተጀመረው በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ሌክ ጄኔቫ በተባለች ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ፣ በአንድ የኪራይ አዳራሽ ነው። ልብ በሉ፣ አዳራሽ ነው። ጣና ዳር ሣር ላይ ያለው ጠረጴዛ ለፎቶ ያምራል፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ግን ካርቶን አይምርም። ውጭ መጫወት ግድ ከሆነ ላስቲኩ በመቆንጠጫ ይያዝ፣ ዳይሱ በጫማ ካርቶን ክዳን ውስጥ ይጣል፣ በየዙሩ ማብቂያ ካርታው በስልክ ፎቶ ይነሳ። 10ኛው ዙር ሳይደርስ ከመሸ የመጨረሻው የተሟላ ዙር ፎቶ ውጤቱን ይዳኛል፤ ሰውም ባጃጅ ሳያጣ ይገባል። ጠጠሩ ወደ ከረጢቱ ሲመለስ ተቆጥሮ ነው። አንድ ከጎደለ ፍለጋው በውኃው በኩል ሳይሆን በከተማው በኩል ባለው ሣር ይጀመር።