ሦስት ሴቶች በአንድ አግዳሚ ላይ

አገር ቤት ሳለሁ ቴአትር ማለት ለእኔ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚፈጅ፣ በገቢር በገቢር የተከፋፈለ፣ በ1948 ዓ.ም. እንደተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ባለ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የሚታይ ትልቅ ጉዳይ ነበር። በባሕር ማዶ ኑሮዬ ግን በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ምሽት ሦስት አራት አጫጭር ተውኔቶችን አከታትሎ ማየት ለመድኩ። መጀመሪያ ላይ የተታለልኩ መስሎኝ ነበር፤ ገጸ ባሕርያቱን በቅጡ ሳልተዋወቃቸው መብራቱ ይጠፋል።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አየርላንዳዊው ጸሐፌ ተውኔት ሳሙኤል ቤኬት እ.ኤ.አ. በ1965 የጻፈው፣ ቃለ ተውኔቱ መቶ ሠላሳ ቃል እንኳ የማይሞላ ሥራ ነው። ሦስት ሴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዷ ተነሥታ ወደ ጨለማው ስትገባ፣ ከቀሩት አንዷ ስለ እርሷ በሌላይቱ ጆሮ የሆነ ነገር ታንሾካሹካለች፤ ሰሚዋ ክው ትላለች። ይህ በየተራ በሦስቱም ላይ ይደርሳል። የተባለው ምን እንደሆነ ተመልካቹ አይሰማም፤ የሚገባው ነገር ቢኖር እያንዳንዷ የሌሎቹን መርዶ ይዛ የራሷን ሳታውቅ መቀመጧ ብቻ ነው። በመጨረሻም ሦስቱ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ።

ሌላው አየርላንዳዊ ጸሐፌ ተውኔት ጆን ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1904 ደብሊን ላይ ለመድረክ ያበቃው ባለ አንድ ገቢር ተውኔትም እንዲሁ ነው። ባሕር አማቷን፣ ባሏንና ስድስት ወንዶች ልጆቿን የነጠቃት እናት ታሪክ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያልቃል። ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን የእናትየዋ ልቅሶ አይደለም። ከሰመጠ ሰው አስከሬን ላይ የተገኘ ካልሲ ለእናትየዋ ሁለት ሴቶች ልጆች ይደርሳቸዋል፤ ካልሲውን የሠራችው ታናሺቱ ያኔ አራት የክር ቋጠሮ አምልጧት እንደነበር ታስታውሳለች፣ ትቆጥራለች፣ የወንድሟ መሆኑንም ታውቃለች። እኛ ዘንድ ቢሆን ይህ ቦታ ረጅም የሐዘን ንግግር ይሰጠው ነበር ብዬ እገምታለሁ። ንግግር እንወዳለን፤ እኔም እወዳለሁ፣ በግጥም የተቃኘ ቃለ ተውኔት ዛሬም ጠጉሬን ያቆመዋል። ሆኖም ሐዘንን መቁጠር ሐዘንን ከማወጅ ይበልጥ ሊከብድ እንደሚችል የተረዳሁት ከዚያ ካልሲ ነው።

በአንድ ነገር ግን የአገር ቤቱን አስበልጣለሁ፤ እርሱም ተመልካቹ ነው። እዚያ ተመልካች ከመድረኩ ጋር ይነጋገራል፤ ተዋናይዋ ልትታለል ስትል ከኋላ «ኧረ አትመኚው!» የሚል አይታጣም፤ አዘጋጁን ሊያበሳጭ ይችላል፣ አዳራሹን ግን የአንድ ቤት ሰው ያደርገዋል። እዚህ ማሳል እንኳ ያሳፍራል። ዝምታው ለአጭር ተውኔት እንደሚበጅ አልክድም፤ ሹክሹክታ በጫጫታ ውስጥ አይሰማም። ነገር ግን ስለ ሰው ለሰው መቀራረብ የተጻፈን ነገር ማንም ከማንም ሳይተያይ ሲመለከተው ግር ይለኛል።

ሦስቱ ሴቶች እጅ ለእጅ በተያያዙበት ምሽት፣ ክርኗ ክርኔን እየነካ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በዝምታ ታለቅስ ነበር። አገር ቤት ቢሆን ዞር ብዬ «አይዞሽ» እላት ነበር። መብራቱ ሲበራ ግን ሁለታችንም አጨበጨብን፤ እርሷ በግራ በኩል ባለው በር ወጣች፣ እኔም ካፖርቴን ለብሼ በቀኙ ወጣሁ።