ለሞገደኛው መስመር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ሞገደኛው መስመር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከእርስዎ ጣጣ በቀር ደህና ነን።

የካፌ ሎጎ እየሠራሁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የካፌ ሎጎ ምን እንደሚመስል ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ጀበና ትቀመጣለች፣ ከላይዋ እርስዎና ሁለት ወንድሞችዎ እንፋሎት ተብላችሁ ሽቅብ ትውረገረጋላችሁ። ጀበናዋ ከነማቶቷ አልቃለች። ደንበኛው «እንፋሎቷን ብቻ ጣል አድርግባትና አሁኑኑ ላክልኝ» ብለዋል። ብቻ!

እርሳስ ለያዘ ሕፃን እኮ እሺ ባይ ነዎት። ግድግዳው ላይ አንዴ ሞዠቅ ሲያደርግዎት ልስልስ ብለው ይወጣሉ። ኢለስትሬተር በሚባለው የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን ብዕር፣ ፔን ቱልን፣ ሲያዩ ነው ክብርዎ የሚነሣው። አንድ ፖይንት (የመስመሩ ችካል) ይተከላል፣ ሃንድሉ (ማጠፊያ እጀታው) ይጎተታል፤ የመጀመሪያው ጉብታ ያምራል። ሁለተኛው ያብጣል። ሦስተኛው ጭራሽ ከቤተሰቡ አይደለም። ፖይንት ተጨምሮ ይስተካከሉ ሲባልማ ይብስብዎታል። ፖይንት በበዛ ቁጥር ይጎረብጣሉ።

ዘርዎ እንደሆነ ከትልቅ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ፖል ደ ካስቴልዦ የተባሉ ፈረንሳዊ ሲትሮዬን የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ሆነው የመጠማዘዝዎን ሒሳብ ቀመሩ። ፋብሪካው ምስጢር ነው ብሎ ቆለፈበት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ ፒየር ቤዚዬ ሬኖ ውስጥ በራሳቸው መንገድ ደረሱበትና ለዓለም ገለጡት፤ «ቤዚዬ ከርቭ» ተብለው ስሙም ለእሳቸው ቀረ። (የደበቀ ስም አያገኝም፤ ካስቴልዦን ግን አሳዝነውኛል።) የመኪና ኮፈን ሊያለሰልሱ የተፈጠሩት ክቡርነትዎ የቡና እንፋሎት መሆን እንዴት አቃተዎት?

በአቋራጭ እንደሚመጡም አውቃለሁ። ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፤ ከዚያ ከኢለስትሬተር ኢፌክት ሜኑ፣ ዲስቶርት ኤንድ ትራንስፎርም ከሚለው ውስጥ ዚግ ዛግ ይጠራል። ምርጫው ኮርነር ላይ ከሆነ ጥርስዎን አግጠው ብቅ ይላሉ። ስሙዝ የምትለዋ ስትነካ ነው የሚለዝቡት። ሳይዝ ከፍታዎን ይወስናል፣ ሪጅስ ፐር ሴግመንት ደግሞ የጉብታዎን ብዛት። ተንኮሉ ያለው «ፐር ሴግመንት» የምትለዋ ላይ ነው፤ ሴግመንት ማለት ከፖይንት እስከ ፖይንት ያለው ቁራጭ ነው። መስመሩ መሀል ላይ አንዲት የተረሳች ፖይንት ካለች ሴግመንቱ ሁለት ነው፤ ጉብታውም እጥፍ። ሦስት ጉብታ ያለው እንፋሎት ሲጠበቅ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ተሸብሽበው ይመጣሉ።

አሁን ወደ ጫፍዎ ልምጣ። ዋናው ቅሬታዬ ይኸው ነው።

በስትሮክ (የመስመር ውፍረት) ሳጥን ውስጥ ለጫፍዎ ሦስት ካፕ ተዘጋጅቶልዎታል፦ ባት፣ ራውንድ፣ ፕሮጀክቲንግ። ባት ላይ ሲሆኑ የተቆረጠ እንጂ የተነነ ነገር አይመስሉም። ራውንድ ካፕ ያሻዎታል። ግን ከሥሯ ራውንድ ጆይን የምትባል ሞክሼዋ ተቀምጣለች። እሷ የምታለዝበው ማዕዘን ነው፤ ከጫፍዎ ጋር ምንም ጉዳይ የላትም። ሰው ግን እሷን ደጋግሞ ይጫናል፣ ክቡርነትዎም ዝም ብለው ያያሉ። ትክክለኛዋ ስትነካስ ያርፋሉ? አያርፉም! ራውንድ ካፕ በየጫፉ የውፍረትዎን ግማሽ ትጨምርልዎታለች። 16 ፖይንት ውፍረት (ይህቺ ፖይንት እንኳ ችካል ሳትሆን መለኪያ ናት) ከተሰጠዎት በላይም በታችም 8፣ 8 ይረዝማሉ። በልክ የተቀመጡት እንግዲህ ከጀበናዋ አፍ ጋር ተላትመው ይገኛሉ።

ይህም ያልፋል። ቀጥሎ ሎጎው ለቢዝነስ ካርድ ይጠባል። ስኬል ስትሮክስ ኤንድ ኢፌክትስ ካልተመረጠ ጀበናዋ ስታንስ እርስዎ በውፍረትዎ ይጸናሉ። ሦስታችሁም ተጣብቃችሁ አንድ እብጠት ትሆናላችሁ። ለባነር ሲተልቅ ደግሞ ክር! ማተሚያ ቤት ከመሄድዎ በፊት ኤክስፓንድ አፒራንስ፣ ከዚያ አውትላይን ስትሮክ ተደርገው ቅርጽዎ ይታሰራል። ታስረው ካለቁ በኋላ ነው ታዲያ ደንበኛው የሚደውሉት።

«በጣም ያምራል። እንፋሎቷ ብቻ ትንሽ ላላ ትበል።»

ላላ! ክቡርነትዎ አንዴ ከታሰሩ ዚግ ዛጉ ሳጥን ውስጥ ተመልሰው እንደማይገቡ ለእኚህ ሰው ማን ይንገራቸው? ያልታሰረ ግልባጭዎን አንድ ጥግ ደብቄ ባላስቀምጥ ኖሮ ዛሬ ይህ ደብዳቤ ሳይሆን ክስ ነበር የሚደርስዎ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በሁለት ፖይንት ብቻ እንዲወሰኑ፣ ከጀበናዋ አፍ እንዲርቁና «ላላ በሉ» ሲባሉ ያለ ክርክር እንዲላሉ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(የማይነበብ ፊርማ አለበት፤ በፔን ቱል የተፈረመ ነው)

ግልባጭ፦
ለራውንድ ጆይን፣ ከማስጠንቀቂያ ጋር
ለደንበኛው፣ ከክፍያ መጠየቂያ ጋር