ውዳሴ ለፌስታል መቀነት

ደሴ ላይ ከየትም ተነሥተው ወዴትም ቢሄዱ ዳገት አለ። ምስጋና ለባጃጅ፣ ክብደት ለመቀነስ የቆረጡት ብልሆች ዳገቱን ተቀምጠው ይወጡና ጂም በር ላይ ይወርዳሉ። ውስጥ ገብተው ለትሬድሚል ዳገት ከፍለው ይራመዳሉ። የጦሳ ተራራ ዳገት ነፃ ስለሆነ ሳይረክስባቸው አልቀረም።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የመቀነቱ ጥበብ ነው። ሆድን በፌስታል ሦስት ዙር መጠቅለል፣ በላዩ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ጃኬት፣ ዚፑን እስከ አገጭ። ሰዓት ሙሉ ሲያልቡ አንድ ሊትር ያህል ይወጣል፤ አንድ ሊትር ላብ ደግሞ አንድ ኪሎ ነው። ከዚያ ቀጥታ ፒያሳ፣ አስፋልት ዳር ሚዛን ዘርግቶ የተቀመጠው ልጅ ዘንድ! ሚዛኑ ዘንበል ካለ ንጣፍ ላይ ስለተቀመጠ ልጁ ግማሽ ኪሎ ቅናሽ ይመርቃል። «ማሻ አላህ፣ ቀለልክ እኮ!»

ስቡ? ስቡማ እዚያው ነው። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይዟል፣ በፌስታል አይደነግጥም። ላቡም ማታ በቡናው ይመለሳል፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየስኒው ሦስት ማንኪያ ስኳር። ዘጠኙ ማንኪያ 144 ካሎሪ ያህል ነው። ግን የበረካው አይቆጠርም፣ በረከት ነዋ!

ሰኞ በሎሚ ውሃ ብቻ ጾም የሚጀምሩትም አይረሱ። ሐሙስ ሦስት ኪሎ ወርዷል። ጉበትና ጡንቻ ያከማቹት ስኳር ሲያልቅ በየግራሙ ሦስት ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይፈስሳልና። እንቅልፍ የለም፣ ልጆቹ ላይ ይጮኻል፣ ቅዳሜ ሰርግ ቤት ጥብሱ ላይ ሁሉም ይመለሳል። ቢሆንም ሐሙስን ማን ይነጥቃቸዋል?

ደካሞቹን ደግሞ እዩአቸው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ! የሚመዘኑት በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ በዚያው በአንዱ ሚዛን። 92 ኪሎ የነበረች እናት ከሁለት ወር ተኩል በኋላ 4.6 ኪሎ ቀንሳለች፣ 5 በመቶ መሆኑ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወፍራም ሰዎች ሲጠኑ፣ የቀነሰ አንድ ኪሎ በየእርምጃው ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሣል፤ እሷ በየእርምጃው 18 ኪሎ ጥላለች ማለት ነው። ሚዛን ያለው ልጅ ይሄን አያነብላትም። ጎረቤትም «ምነው ከሳሽ፣ አሞሽ ነው እንዴ?» እያለች በጉርሻ ታስታምማታለች።

ታዲያ ያን ሁሉ ሳምንት ደክማ ምን አገኘች? ደረጃ ሳታርፍ ትወጣለች፣ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስራለች። ሊስትሮ በየጥጉ ተቀምጦ ሳለ!