ማሽላን ስታስተምሩ አገዳውን አትርሱ

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርና ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ መጥቷል። ደግ ነገር ነው። እስካሁን በብዙ ትምህርት ቤት ግብርና የሚታወቀው በቅጣት ነበር። አርፍዶ የመጣ ልጅ መኮትኮቻ ይሰጠውና የግቢውን አትክልት ሲኮተኩት ይውላል። ከዚያ ደግሞ «ወጣቱ ግብርናን ለምን ይንቃል?» ብለን ስብሰባ እንጠራለን።

የኔ ስጋት ትምህርቱ ሽምደዳ ሆኖ እንዳይቀር ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። የቆቦ ልጅ የማሽላ ጥገኛ አረም የሆነውን የአቀንጭራን የላቲን ስም ሸምድዶ ይፈተናል። ቅዳሜ አባቱ ማሳ ሲወርድ ያንኑ አረም እንደ ድሮው ጎንበስ ብሎ ይነቅላል። ክፍል ውስጥ የሰማውና ማሳ ላይ የሚያየው አይገናኙም።

እንደኔ እንደኔ ለወሎ ቆላ ተማሪ ከአቀንጭራ የተሻለ መነሻ የለም። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያራግፋል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። የሚበቅለው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ከዚያ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጠምጠዋል። ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ ሲታይ ማሽላው ከተጎዳ ሰንብቷል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ እንኳ ቅጠሉ ድርቅ የመታው ይመስላል።

የማሽላ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የሠሩት ከሥሩ የሚወጣውን ይህን ኬሚካል ተከትለው ነው። ሥሩ ያን ኬሚካል እምብዛም የማያወጣ ማሽላ አዳቀሉ፤ በአውሮፓውያን 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ጎብዬና አብሽር የሚባሉት አቀንጭራ የሚቋቋሙ ዝርያዎች አገራችን ከገቡ ቆይተዋል። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ በወልዲያና በመርሳ መካከል ነው።

ታዲያ ገበሬው የአገሬውን ማሽላ፣ ጅጉርቲና ደጋሊቱን፣ ለምን አልተወም?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ግንዛቤ ስለሌለው» የሚል ነው። ይህች ቃል ታናድደኛለች። ገበሬውን ጠይቁት። አዲሱ፣ በቶሎ የሚደርሰው ማሽላ አጭር ነው፤ አገዳው ያንሳል። አገዳ ደግሞ ለበሬው መኖ፣ ለምድጃው ማገዶ፣ ለቤቱ አጥር ነው። ወፉም አለ። የጎረቤቱ ማሽላ ገና አረንጓዴ ሆኖ የእሱ ብቻ ቀድሞ ካሸተ የሰፈሩ ወፍ ሁሉ እሱ ላይ ይሰፍራል። ሰውዬው ሒሳብ ሠርቶ ነው እምቢ ያለው። የበልጉ ዝናብ ከቀረበት ግን እሱው ራሱ ሐምሌ ላይ በቶሎ የሚደርሰውን ዘር ወይም ጤፍ ይፈልጋል።

ተማሪው ይህን ሒሳብ ይማር ነው የምለው። አሥር ቤት ሄዶ ይጠይቅ። ከአንድ ጥማድ የሚገኘውን እህል ብቻ ሳይሆን የአገዳውንም ሸክም ቆጥሮ፣ በገበያ ዋጋ መትቶ ያምጣ። ምናልባት አዲሱ ዘር ያሸንፋል፤ ምናልባትም አያሸንፍም። ያኔ ተመራማሪውም የሚማረው ይኖረዋል።

ደጋ ላይ ጥያቄው ሌላ ነው። ቱ ፎር ዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ረጭቶ የማያውቅ የገበሬ ልጅ ስንት ነው? መድኃኒቱ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ያደርቃል፣ ስንዴውንና ጤፉን ይተዋል። ነፋስ ወደ ጎረቤት ባቄላ ከወሰደው ግን ጠብ ነው፤ ነገሩ ሽማግሌ ፊት ይደርሳል። ኬሚስትሪው ከዚህ ቢነሳ ማን ይተኛል?

«ልጄን ያስተማርኩት ከጭቃው እንዲወጣልኝ ነው» የሚል ወላጅ አለ። እረዳዋለሁ። ግን በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙው ወደ ቤቱ ነው የተመለሰው። መሬት የለውም ከተባለም እውነት ነው፤ ለዚህ መማሪያ መጽሐፍ መልስ የለውም። ዘር የሚነግድ፣ መርጫ የሚጠግን፣ ከብት የሚያደልብ ልጅ ግን ይህ ትምህርት ይጠቅመዋል።

መምህሩ ጊዜ የለውም የሚባለውም ልክ ነው። ስለዚህ ሁሉንም እሱ ላይ አንጫን። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ በወር አንድ ቀን ክፍል ይግባ። የገበሬ ማሠልጠኛው መሬትም ጦሙን ከሚያድር አንድ መደብ ለተማሪ ይሰጥ።

የሚያስቸግረው የቀን መቁጠሪያው ነው። በበልግ ዝናብ ሚያዝያ ላይ የተዘራ ደጋሊት የሚታጨደው ኅዳር አካባቢ ነው፤ መካከሉ ላይ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ስለዚህ 11ኛ ክፍል የዘራው ተማሪ የሚያጭደው 12ኛ ክፍል ሆኖ ነው። መደቡም፣ የመዘገበው ደብተርም፣ ማርኩም አብሮት ይለፍ። ከተቻለ መምህሩም እንደዚያው።