የቅዱስ ዮሴፍ ቀን ለማን ነው?

ጥያቄው፦ ወሎ ውስጥ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ከሚገቡት ልጆች የሚበዙት ሙስሊምና ኦርቶዶክስ ናቸው። ታዲያ ትምህርት ቤቱ የጠባቂ ቅዱሱን በዓል ክፍል ዘግቶ፣ ተማሪውን ሁሉ ሰብስቦ ማክበር አለበት? አንድ መምህርና አንዲት የቀድሞ ተማሪ ይከራከራሉ።

መምህሩ፦ የለበትም

የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሚያከብረው ቅዱስ ዮሴፍን ነው። ቀኑ መጋቢት 10 ነው። ይህ ቀን ሁልጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ይወድቃል። በ2016 እና በ2017 ደግሞ ረመዷንም አብሮ ነበር። እስቲ ግቢውን አስቡት። ምሳ ተሰናድቷል፤ ሙስሊሙ ልጅ ጾመኛ፣ ኦርቶዶክሱም ጾመኛ። ሳህን ሲያልፍ አንገታቸውን ደፍተው የተቀመጡ ልጆች አይቻለሁ። ለማን ነው ያበሰልነው?

ምግቡስ ይሁን። ቀድሞ በሠራሁበት ትምህርት ቤት ቅዳሴ ላይ ስም ይጠራ ነበር። አንዲት ልጅ «አባቴ አልፈቀደልኝም» ብላ ስለቀረች ከሥነ ምግባር ነጥቧ ተቀነሰባት። ያን ቀን ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ራሷ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ በ1965 እ.ኤ.አ.፣ ማንም በእምነቱ እንዳይገደድ አውጃለች።

የቀድሞ ተማሪዋ፦ አለበት

መምህር፣ የልጅቷ ነገር አንጀቴን በላኝ። ስም መጥራቱ ይቅር። እዚህ ላይ አልከራከርዎትም።

በዓሉ ግን አይቅር። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩት ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። ቀኑ ሳምንት ሲቀረው ግቢው ሌላ ይሆናል። ትልልቆቹ ድራማ ይለማመዳሉ፣ ክፍል ከክፍል ኳስ ይጋጠማል። ዮሴፍ አናጢ ስለነበር ሲስተሮቹ ወንበራችንን የሚጠግነውን አናጢና ዘበኛችንን ከፊት ያስቀምጧቸው ነበር። ተማሪው በሙሉ ተነስቶ ያጨበጭብላቸዋል። በሌላው ቀን ሰላም ሳንለው የምናልፈው ዘበኛ ያን ቀን ፊቱ ሲበራ አሁንም ይታየኛል። ይህን የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ የለም።

ደግሞም እኛ ወሎዬዎች ነን። ሰርጋችን ላይ ለሙስሊሙ ለብቻ፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፤ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። የሰው በዓል ላይ መገኘት እምነት መቀየር እንዳልሆነ ከቤታችን እናውቃለን። አባቴ ለቅዳሴው አይልከኝም ነበር፤ ለድራማው ግን ራሱ ያደርሰኛል።

ምሳውን በተመለከተ አንድ ሐሳብ አለኝ። ዮሴፍ ሌላም ቀን አለው። ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ በ1955 እ.ኤ.አ. «ሠራተኛው ዮሴፍ» ብለው በሜይ ዴይ፣ ሚያዝያ 23፣ እንዲከበር አድርገዋል። ማዕዱ ለምን ወደዚያ አይዞርም?

መምህሩ

እህቴ፣ ይህስ ጥሩ ነው። ግን በ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር፤ ሚያዝያ 23ም ጾም ላይ ዋለ። ሌላው ደግሞ ቀኑ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የሚመጣው የፈለገ ብቻ ይሆናል። እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ አንቺ ትቀበይዋለሽ?

የቀድሞ ተማሪዋ

እቀበላለሁ። እንዲያ ያለ ዓመት ሲመጣ ድፎ ዳቦና ቡና ይበቃል። መጋቢት 10ን ግን አልለቅም፤ ቅዳሴው ለፈቀደ፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ድራማ ለሁሉም ይሁን። ዘበኛውም ከፊት ይቀመጥ።