ዜማ ቤት ከመጻሕፍት ቤት ይቀድማል

ባለፈው ሳምንት በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በተደረገው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ወላጆች ውይይት ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የተናገሩትን ያልሰማ የድሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቪዲዮው በየስልኩ ዞሯል። ቴአትር የሚወድ ልጅ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ገብቶ ታሪኩንም ፍልስፍናውንም ከቴአትሩ ጋር ቢማር ይሻለዋል አሉ። ዘፈን፣ ዳንስና ትወና አጣምረው የሚያስተምሩት ኮንሰርቫቶሪዎች ግን ስልጠና እንጂ ትምህርት አይሰጡም፤ የልጁን አእምሮ ያጠባሉ፤ በመጨረሻም ዲግሪ የሌለው ልጅ ያስታቅፉናል ሲሉም ቀጠሉ። ይህ ሁሉ ሳይበቃቸው፣ ነገሩ የኪነት ቡድን ሥራ ነው ብለው ደመደሙ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ያንገበገበኝ ጭብጨባው ነው። ካጨበጨቡት አንዱ የአንዲት ተማሪዬ አባት ነበሩ። ልጅቷ ሳቢያን በተከራየናት አዳራሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ስትለማመድ ኖራለች። ዘንድሮ ከአሜሪካ ሁለት የመቀበያ ደብዳቤ መጥቶላታል። አንዱ ከአንድ ትንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ሲሆን ቴአትርን እንደ ማንኛውም የዲግሪ ትምህርት ያስተምራል። ሌላው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካለ የሙዚቃዊ ቴአትር ኮንሰርቫቶሪ ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ አባትየው ደወሉልኝ። «አቦ፣ እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ፣ «ልጄ ባሕር ተሻግራ ጭፈራ ልትማር ነው?»

መልሴን እዚህ የምጽፈው ጥያቄው የእሳቸው ብቻ ስላልሆነ ነው።

አስቀድመን የዲግሪውን ወሬ እንዝጋ፤ ውሸት ነውና። በአሜሪካ በኮንሰርቫቶሪ ስልት የሚሰጠው የሙዚቃዊ ቴአትር ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የአራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ባችለር ኦፍ ፋይን አርትስ ይባላል። ከእንዲህ ያሉት ታዋቂ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ያሉት ደግሞ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ይሰጠዋል። ካርኔጊ ሜለንም ይሰጠዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በድራማ ዲግሪ መስጠት የጀመረው ይኸው ተቋም ነው። እንግሊዝ ብንሄድ የጊልድፎርድ የትወና ትምህርት ቤት በሰሪ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በሙዚቃዊ ቴአትር በዲግሪ ያስመርቃል። መምህሩ ይህን ለማወቅ ስልካቸውን ማንሳት ብቻ ይበቃቸው ነበር። የሰው ልጅ ዕጣ በሚወሰንበት መድረክ ላይ ቆሞ ሳያጣሩ መናገር፣ ያውም በመምህርነት ማዕረግ፣ ይቅር የሚባል ነገር አይደለም።

ሁለቱን የሚለያቸው የጊዜ ክፍፍል ነው። በኮንሰርቫቶሪው መንገድ ከ120 ክሬዲት ውስጥ ወደ 80 የሚጠጋው ለሙያው ይውላል፤ በሌላው መንገድ ለቴአትር የሚተርፈው 40 ገደማ ነው። ቀሪው ለኢኮኖሚክስ፣ ለሥነ ፈለክ፣ ለፈረንሳይኛ ይሄዳል። በኮንሰርቫቶሪው ያለች ተማሪ ጠዋት የባሌ ወይም የታፕ ዳንስ ትሠራለች፤ ቀጥላ ትወና፣ ቀጥላ ሶልፌጅ (ኖታን በድምፅ ማንበብ) እና ፒያኖ፤ በየሳምንቱ ከድምፅ መምህሯ ጋር ለብቻዋ ትቆማለች፤ ማታ ደግሞ ልምምድ አለ። ብሮድዌይ፣ የኒውዮርኩ የቴአትር መንደር ላይ አንድ ተዋናይ በሳምንት 8 ጊዜ እየዘለለ ይዘፍናል። ይህን የሚችል ሳምባና ጉልበት በ40 ክሬዲት የሚገነባ ሰው ካለ አሳዩኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ስልጠና እንጂ ትምህርት አይደለም» የሚለው አነጋገር በዚህ አገር ሰው አፍ ሲነገር ያሳፍረኛል። የእኛ አገር ትምህርት ቅደም ተከተሉ ምን ነበር? ልጁ ንባብ ቤት ይገባል። ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ከደገመ በኋላ ዜማ ቤት ይገባል። ቅኔ ቤት የሚመጣው ከዚያ ነው። መጻሕፍት ቤት፣ ማለትም ትርጓሜው፣ ምስጢሩ፣ ክርክሩና ፍልስፍናው ያለበት ቤት፣ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። አባቶቻችን ጉሮሮን ከመጻሕፍት አስቀደሙ። ሳያውቁ ያደረጉት አይደለም። የልጅ ጉሮሮ ሳይደርቅ፣ ጆሮው ሳይደነድን፣ ጉልበቱ ሳይከዳው መያዝ ያለበትን ለይተው ስላወቁ ነው።

ዜማ ቤት ውስጥ የሚሆነውን አስቡት። ተማሪው ሌሊት በጨለማ ይቀጽላል፤ ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዙን፣ ዕዝሉን፣ አራራዩን ከየኔታ አፍ እየተቀበለ ደግሞ ደጋግሞ ይለዋል። ሲሳሳት ይመለሳል። ሲነጋ የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓውን ዘርግቶ ምልክቱን ያያል። ዓመታት እንዲህ ያልፋሉ። ድጓውን ለማስመስከር ጋይንት፣ ቤተልሔም ድረስ ይሄዳል። ማስመስከር የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ሊቃውንቱ ፊት ቆሞ ማሰማት ነው። አቋቋም የሚማረው ደግሞ ዜማውን ወደ እግሩና ወደ እጁ ያወርደዋል፤ መቋሚያውን ያዘማል፣ ጸናጽሉን ይጸነጽላል፣ በከበሮው ልክ ይረግዳል። ድምፅ፣ ቃልና እንቅስቃሴ በአንድ ሰው አካል ውስጥ አንድ ላይ ይበስላሉ። ይህን ትምህርት አይደለም የሚል ማነው? ወረብ ሲያወርብ ያደረን ደብተራ አእምሮው ጠቧል የሚል ማነው?

ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ ከዚህ ቤት ነው የወጡት፤ ከጎጃም፣ ከደብረ ኤልያስ። ተውኔታቸው በመዝሙርና በግጥም የተሞላው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ዜማውን ያቀናበሩላቸው አርመናዊው ሙዚቀኛ ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ አርባ ልጆች ከተባሉት ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ጋር በባቡር ሲመጡ በእኛው በድሬዳዋ ጣቢያ አልፈው ነው አዲስ አበባ የገቡት። ደራሲውና ሙዚቀኛው እንዲህ ተገናኝተው የሠሩት ሥራ ሙዚቃዊ ቴአትር ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው? ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ቤቱ በዮፍታሔ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ በቅዱስ ያሬድ ስም ይጠራል። አንድ ኮሌጅ ሥር ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ተዋናዩ ወዲህ፣ ዘፋኙ ወዲያ። ሁለቱንም የምትፈልግ የድሬ ልጅ አንዱን ቆርጣ መጣል አለባት።

ይህ የክርስቲያኑ ወግ ብቻ ነው የሚለኝ ሰው ሐረር ወጥቶ ጀጎል ውስጥ ዚክሪ፣ የሐረሪው መንፈሳዊ ዜማ ላይ አንድ ሌሊት ይደር። ከበሮው ይመታል፣ የእንጨት ማጨብጨቢያው ይከተላል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። በሐረሪው ቤት መደብ፣ በነደባው ጥግ የተቀመጠው ሕፃን ትርጉሙን በቅጡ ሳያውቅ ዜማውን ያውቃል፤ ትርጉሙ ሲያድግ ይደርስበታል። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ማብቂያ ላይ ዩኔስኮ የሐረሪውን በዓል ሹዋሊድን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍርልን ደስ ብሎን አደባባይ ወጥተን ነበር። ታዲያ ሹዋሊድ ላይ የሚዜመው ዜማ ለዛሬ የደረሰው ስለ ዜማ በተጻፈ ድርሳን ነው? ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከትከሻ ወደ ትከሻ፣ በመደጋገም ነው እንጂ።

የኪነት ቡድን የምትለዋ ስድብ ደግሞ ድሬዳዋ ላይ መነገሯ! የኦሮምኛ የሙዚቃ ቡድኑ አፍረን ቀሎ ምን ነበር? በ1950ዎቹ እዚሁ ከተማ፣ የራሳቸውን ቋንቋ በመድረክ ማሰማት በማይወደድበት ዘመን የተሰባሰቡ ወጣቶች አይደሉም? ታስረውበታል፣ ታግደውበታል። የገንደ ቆሬው ልጅ አሊ ቢራ ገና ለግላጋ ሳለ እዚያ ገብቶ ነው መድረክ የለመደው። በ2015 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር ሙሉ አለቀሰለት። መቼም ያን ቀን ከአልቃሾቹ አንዱም ክሬዲቱን ሲቆጥርለት አልሰማሁም። ቡድን ትምህርት ቤት ነው። በቀን በቀን ተገናኝቶ፣ ተሳስቶ፣ ተራርሞ፣ እንደገና መጀመር፤ ኮንሰርቫቶሪ የሚባለው ነገር ልቡ ይኸው ነው።

እኔ ራሴ ቴአትር የተማርኩት በዩኒቨርሲቲ ነው። ስለ ግሪክ ትራጄዲ ጽፌያለሁ፣ አርስቶትልን ሸምድጃለሁ። የድምፅ ትምህርት የወሰድኩት አንድ ሴሚስተር ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ከ50 በላይ ነበርን፤ መምህሩ ፊት ብቻዬን ቆሜ ድምፄን ያሰማሁት ሁለት ጊዜ ብቻ። ተመርቄ ድሬ ስመለስ ዘፈን የሚበዛበት ተውኔት ላይ መሪ ገጸ ባሕርይ ተሰጠኝ። በሦስተኛው ሳምንት ድምፄ ጠፋ። ሐኪሙ የድምፅ አውታሮቼ ላይ እብጠት አግኝቶ፣ ለወራት እንዳልዘፍን ከልክሎኝ፣ አተነፋፈስ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። ማንም አላስተማረኝም። በ28 ዓመቴ ከአንዲት ደግ የመዘምራን መሪ ተማርኩ። ያጣኋቸው የላይኞቹ ድምፆች ግን እስከ ዛሬ አልተመለሱም። አርስቶትልን ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አገኘዋለሁ፤ ማታ ከሥራ ስገባ ከእሱ ጋር መቀመጥ እችላለሁ። የ19 ዓመት ጉሮሮዬን ግን ከየት ላምጣው? መምህሩ አእምሮ ይሰፋል ሲሉ እኔ የሚታየኝ ይህ ነው። አእምሮ በ40 ዓመትም ይሰፋል። ጅማት በ40 ዓመት አይለመጥም።

በቪዲዮው ላይ ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና ከጸጋዬ ገብረ መድኅን በላይ ማን አለ ሲሉም ሰምቻቸዋለሁ። እውነት ነው፤ ተክለ ሐዋርያት በራስ መኰንን ሐረር አድገው፣ ሩሲያ መድፈኝነት ተምረው፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ጻፉ። ጸጋዬም ሕግ አጥንቷል። ግን ሁለቱም ደራሲዎች ናቸው! ደራሲ ሕግ ቢማር፣ መድፍ ቢማር፣ ግብርና ቢማር ሁሉም ቀለም ይሆነዋል። እኛ የምንነጋገረው የራሷ አካል መሣሪያዋ ስለሆነች ልጅ ነው። የክራር ሠሪን ታሪክ ጠቅሶ ለክራር መቺ መምከር ምን የሚሉት ነው? የጎሮ ጉቱው ተስፋዬ ገሠሠን ቢያነሱ ኖሮ እንኳ ትንሽ ባሰብኩበት፤ እሳቸው አሜሪካ፣ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተምረው ተዋናይም አዘጋጅም ደራሲም ሆነዋል። ነገር ግን እዚያም የሄዱት ቴአትሩን ሊማሩ ነው።

አንድ ነገር አልክድም። የዘፋኝ ድምፅ በ18 ዓመት አይረጋም፤ ከሃያዎቹ አጋማሽ በኋላም ይለወጣል። ስለዚህ ልጅን ያለ ልኩ የሚያስጮህ መጥፎ ኮንሰርቫቶሪ ካለ ይጎዳል። መጥፎውን መለየት ግን የወላጅና የአሠልጣኝ ሥራ ነው፤ መንገዱን ሁሉ ለመዝጋት ምክንያት አይሆንም።

ሌላው ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። ከሁለቱ ደብዳቤዎች ወጪዋን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን የሚሸፍንላት የሊበራል አርትሱ ኮሌጅ ነው፤ ኮንሰርቫቶሪው የሚሸፍነው ግማሹን ነው። የድሬ ቤተሰብ ግማሹን ከየት ያመጣል? «ገንዘብ የለኝም» የሚል አባት ፊት ዝም እላለሁ፤ አከብረዋለሁም። ገንዘብ ማጣትን ጥበብ አስመስሎ ለልጅ መስጠት ግን በደል ነው። ልጅቷ ያን ኮሌጅ ብትመርጥ አቅም ስላነሰን መሆኑን አውቃ ትሂድ፤ ሕልሟ የአእምሮ ማነስ መሆኑን አምና አትሂድ።

ይህች ልጅ ለኦዲሽኑ የላከችውን ቪዲዮ የቀረጽነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባጃጁ ስለሚጀምር። ሁለት የተለያየ መንፈስ ያላቸው ዘፈኖች፣ አንድ ቃለ ተውኔት፣ አንድ ዳንስ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶብን ሁለት ጊዜ እንደገና ጀምራለች። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ሰዓት ያንኑ ዘፈን ለ14ኛ ጊዜ ስትዘፍን አጠገቧ ነበርኩ፤ ሰነፍ አእምሮ እንዲህ አይሠራም።

ለአባትየው በስልክ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ብዙ ዝም ብለው ቆይተው የሚጎድለው ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ትምህርት ቤቱ ቁርጥ መልስ የሚፈልገው እስከ ሚያዝያ 23 ነው። የሥራ ባልደረቦቻቸው ሐሙስ ዕለት ለገሃሬ ተሰብስበው እቁብ ጀምረዋል፤ እኔም ገብቻለሁ፤ የመጀመሪያው ዙር ዕጣ ሳይወጣበት ለእሷ እንዲሆን ተስማምተናል። ሁለት ሰው ይጎድለናል።